ላልታ የተነበበችው እናቴ

እናቴን ያደነቆርኳት እኔ ነኝ። በጩኸት አይደለም፣ በበሽታም አይደለም፤ በአንድ ቃል ነው። ቃሉንም የጻፍኩት ስልኬ ላይ፣ እሷው አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ እሷ የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነው።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ ያረጀ ፎቅ ደረጃ ስር የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቦርጭ ላወጣ ሰው ወገብ ታሰፋለች። ጎኗ አንድ ሰዓት ሠሪ አለ፤ ትንሽ የመስታወት ሳጥን ያለው፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ የማይጠፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰውዬ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ማለፊያ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር «እስኪ የሚሆነው እስኪታወቅ» ተብዬ እዚያ ደረጃ ስር ተቀመጥኩ። ልብስ እቀበላለሁ፤ የባለቤቱንና የሥራውን ዓይነት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ በስፒል አያይዛለሁ፤ ክርና ዚፕ ሲያልቅ ሮጬ እገዛለሁ። የምወደው መሮጡን ነው። ሲያስቀምጡኝ እግሬ አያርፍም፣ እግሬ ካላረፈ ደግሞ ጣቴ ስልክ ይጎረጉራል።

ሰዓት ሠሪው «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስልክ እትብቱ ካንቺ ጋር ነው እንዴ የተቆረጠው?» ይለኛል።

«አይ ጋሼ፣ እሱ እንኳን ቻርጅ ይደረጋል» እለዋለሁ።

የጸሐፊዎቹን ግሩፕ ያገኘሁት እንዲሁ ስጎረጉር ነው። ቴሌግራም ላይ ነው። ጀማሪዎች ነን፤ ፋርማሲ የሚሠራ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ከክፍለ ሀገር መኪና እየነዳ ሲቆም የሚጽፍ ሹፌር አለ። ሐሙስ ሐሙስ አድሚኑ ርዕስ ይሰጣል፣ እስከ እሑድ የጻፈ ይለጥፋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጽሑፎቼ በሁለት አውራ ጣትና በአንድ «በርቺ» ተቀበሩ። «በርቺ» ምን ማለት እንደሆነ ጽፎ የማያውቅ ሰው አያውቅም። «አላነበብኩትም፣ ግን ክፉ ሰው አይደለሁም» ማለት ነው።

ቢሆንም አልወጣሁም። ያላስወጣችኝ አንዲት ሴት ናት። ግሩፑ ውስጥ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት፤ ከሁላችንም በዕድሜ ትበልጣለች፣ ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት። በሦስተኛው ጽሑፌ ስር «ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው “ነበር” ምን ይሠራል? አውጪው» ብላ ጻፈች። ተናደድኩ። ተከራከርኩ። ግማሽ ቀን ስለ አንድ «ነበር» ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ አወጣሁት፤ እውነቷን ነው፣ መስመሩ ቀለለው። አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ስመላለስ አንድም ሰው ስለ አንድ ቃሌ ተከራክሮኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ዚፕ ልገዛ ስሄድ የሮጥኩት ስለቸኮልኩ አይደለም።

አንድ ሐሙስ የተሰጠን ርዕስ «ዝምታ» ሆነ።

እኔ የጻፍኩት ስለ እማዬ ነው። አንድ እሑድ ቤታችን ምሳ ላይ አባቴ፣ ወንድሜና አጎቴ ስለ እኔ እየተከራከሩ ነበር። በግል ትፈተን፣ ኮሌጅ ትግባ፣ ኮምፒውተር ትማር። እማዬ ሳህን እያቀራረበች ድንገት «እኔም እኮ የማታ መማር እፈልጋለሁ፤ ከስምንተኛ ነው ያቋረጥኩት» አለች። ማንም ቀና አላለም። «ጨው ቢጤ የለም እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። ጨው ቀረበ። ክርክሩ ቀጠለ። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ይህንን አነሳሁና ሌላውን ጨመርኩበት፦ ስትሠራ አፏ ስፒል ስለሚሞላ በዓይኗ እንደምታናግረኝ፣ መኪናው ሲያጓራ ብጠራት ዞር እንደማትል፣ ደንበኛ ሲመጣ ቀድሞ እኔን እንጂ እሷን እንደማያናግር። መጀመሪያው ላይ አንድ አጭር መስመር አስቀመጥኩ፤ እቴቴ አጭር ትወዳለች።

«እናቴ አትሰማም።»

በልቤ ሳነበው ጠብቆ ነው። ሰ ጠበቅ፣ ማ ጠበቅ። ትናገራለች፣ የሚሰማት የለም ማለቴ ነው። «ተሰሚነት የላትም» ብል የሬዲዮ ዜና ይመስልብኛል። ትምህርት ቤት እያለን የአማርኛ መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ «ገና» ብሎ ይጽፍና በዓል ማለት በሆነው ላይ፣ «ና» አናት ላይ፣ ነጥብ ያስቀምጥ ነበር። «ነጥብ ያለበት ይጠብቃል፣ የሌለበት ይላላል። ፊደላችን ይህን አይነግራችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምትነግሩት» ይለናል። እኛ ከኋላ እንስቅ ነበር። ስልኬ ላይ ደግሞ ነጥቡ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

እሑድ ለጠፍኩት። ሰኞ ከሰዓት ባለድምፁ አነበበው። ባለድምፁ የምንለው ከአባላቱ አንዱ ነው፤ የሳምንቱን ምርጥ በድምፁ ቀድቶ ይልካል፣ ድምፁ የተጋገረ ዳቦ ሽታ አለው፤ እንዴት እንደሆነ አልጠየቅም፣ አለው። የእኔ ሲመረጥ የመጀመሪያዬ ነው። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። እማዬ ፔዳሉን ትረግጣለች።

«እናቴ አትሰማም» አለ። አላልቶ።

ጆሮ የላትም አለ። ደንቆሮ ናት አለ። በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ቀስታ። መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ከዚያ ወደ ታች አነበበ፣ አነበበ፣ ሳቁን ተውኩት። ስለ ጆሮዋ አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ ግን የመጀመሪያዋ ቃል ከላላች የቀረው ሁሉ ተከትሎ ይላላል። በዓይን የሚያወሩት፣ ብትጠራ ዞር የማትለው፣ ምሳ ላይ ማንም የማይመልስላት። ሁሉም ገጠመ። እኔ ከጻፍኩት ይልቅ ገጠመ።

«እንዲህ እኮ አይደለም፣ ጠብቆ ነው የሚነበበው» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ጣቴን ሳነሳ የሰዎቹ መልእክት መጉረፍ ጀመረ። «አለቀስኩ።» «እህቴ፣ የተባረክሽ ነሽ።» ሹፌሩ «መኪናዬን ጥግ አስይዤ ነው ያዳመጥኩት» አለ። አድሚኑ፣ ማንንም አሞግሶ የማያውቀው አድሚን፣ «ጸሐፊ ማለት ይሄ ነው» አለ። አንድም ሰው «በርቺ» አላለም።

የጻፍኩትን አጠፋሁት። ፊደል በፊደል፣ ከኋላ ወደ ፊት። ያቺን ደቂቃ ነው የማልረሳት። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ የዚያች ያጠፋችው ልጅ ሥራ ነው።

የዚያኑ ቀን እቴቴ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «ልጄ፣ የእኔም ልጅ መስማት የተሳነው ነው። ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። እንዳንቺ አድርጎ የጻፈልን ሰው አላየሁም» አለች። «የጻፈልን።» ያቺ «ልን» እንደ ስፒል ናት፣ ዛሬም ስንቀሳቀስ ትወጋኛለች።

«ከእናትሽ ጋር በምንድን ነው የምትግባቡት?» አለችኝ።

«በዓይን» አልኳት።

ውሸት ነው? አፏ ስፒል ሲሞላ በዓይን ነው። ለራሴ እንዲህ እያልኩ ነው ሁለት ወር የኖርኩት። እቴቴ በየቀኑ ትጽፍልኛለች። ግማሹ ስለ ጽሑፍ ነው፤ ቅጽል አታብዢ፣ ሰውዬው ካለቀሰ አልቅሷል በይ፣ ደመና አትጥሪ፣ ከመላክሽ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው። ጮክ ብዬ ማንበብ አልችልም፤ እማዬ አጠገቤ ናት፤ ትሰማለቻ! ይህን ለእቴቴ ልነግራት አልችልም። ግማሹ ደግሞ ስለ ልጇ ነው፤ እሱን ለማናገር ብላ የምልክት ቋንቋ እንዴት እንደተማረች። አንድ ቀን በእጇ «እናት» የሚለውን ምልክት እያሳየች ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ፊቷ አይታይም፣ እጇ ብቻ ነው፣ የጋብቻ ቀለበቷ ጠቧታል። «አሳዪያት፣ ደስ ይላታል» አለች።

በማግሥቱ «አሳየኋት። ሳቀች» ብዬ ጻፍኩላት።

አላሳየኋትም። እማዬ የዚያን ቀን የሳቀችው ሰዓት ሠሪው ባወራው ነገር ነው።

ከዚያ የሚያስጨንቅ ደስታ መጣ። አድሚኑ የግሩፑ ሥራዎች በመድበል ሊታተሙ ነው አለ፤ የመጀመሪያው የእኔ ይሆናል፤ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ፎቁን ሊሰጠን ተስማምቷል፣ እዚያ ቆሜ አነባለሁ። እኔ! ማለፊያ ነጥብ ያልመጣላት! ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? ምን ብዬ?

ፕሮግራሙ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጥቁር ዚፕ አልቆብን ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ፣ መኪና እስኪያልፍ። ደረጃው ስር እማዬ አፏ ስፒል ሞልቶ ሱሪ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብላለች። ፊት ለፊቷ ነጠላዋን ያጣፋች ሸምገል ያለች ሴት ቆማለች። ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር የእማዬን ክንድ በስሱ ነካች። እማዬ ቀና አለች። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ እጆቿን ማንቀሳቀስ ጀመረች።

ቀስ እያለች፣ ጥርት እያደረገች። አንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ ደገመችው። ያንን ምልክት አውቀዋለሁ፤ ስልኬ ላይ አለ። ቀለበቱንም አወቅኩት።

እግሬ ቆመ። የእኔ እግር።

ቦታውን ያገኘችው ከጽሑፌ ነው። ደረጃውን ጽፌዋለሁ፣ ወርቅ ቤቶቹን ጽፌያቸዋለሁ፣ ሰዓት ሠሪውንም ከነማጉያው። ልታስደስተኝ ነው ሳትነግረኝ የመጣችው።

እማዬ መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ ፊቷ ለስለስ አለ፤ የገባት መሰላት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ሰካችና እሷም በእጇ መለሰች። ሁለት ጣቷን እንደ መቀስ ከፈተች፣ ዘጋች፤ ይቆረጥ ነው? በመዳፏ ከጉልበቷ በታች ለካች፤ ይጠር ነው? ጣቷን ከታች ወደ ላይ ሳበች፤ ዚፕ ነው? እቴቴ በደስታ ራሷን ነቀነቀች፣ ከቦርሳዋ ግራጫ ጉርድ አውጥታ የተበላሸውን ዚፕ አሳየቻት። ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ እያዘኑ ነው።

መንገዱን ስሻገር የሰዓት ሠሪው ድምፅ ደረሰኝ። «ምን ጉድ ነው ዛሬ? ሙድ እየያዘችብሽ እንዳይሆን!»

«ኧረ ዝም በል አንተ!» አለችው እማዬ፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። «ምስኪን፣ መስማት የተሳናት ናት። ጨዋነቷን አታይም?»

የእቴቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ይሰማሉ?» አለች።

እማዬ ደነገጠች። «እርስዎ... ይናገራሉ?»

«እኔማ እናገራለሁ! እርስዎ ነዎት እንጂ የማይሰሙት።»

«እኔ? ማነው ያለው?»

ሰዓት ሠሪው ሳጥኑን ተደግፎ ይስቃል። «እሷ አትሰማም? እሷን እኮ ቴዎድሮስ አደባባይ ሆነው ቢያሟት እዚህ ሆና ትሰማለች!»

እቴቴ አልሳቀችም። «የምትጽፈዋ ልጅ እናት አይደሉም?» አለቻት።

«የምን መጻፍ?» አለች እማዬ።

እኔ ዚፖቹን በላስቲክ እንደያዝኩ ደረስኩ። «እቴቴ» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ነው። ተያይተን አናውቅም፣ ግን ወዲያው አወቀችኝ። ብዙ አየችኝ። እናቴን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። እድሜዋን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ስትተይብ የኖረች ሴት ናት፤ ለእሷ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ጠብቆ ነበር እንዴ የሚነበበው?» አለች።

«አዎ።»

«ላልቶ መነበቡን መቼ አወቅሽ?»

ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ትናንት ልል ነበር። «የዚያኑ ዕለት» አልኳት።

«ምልክቱን ስልክልሽስ? ሳቀች ያልሽኝ?»

መሬት መሬት አየሁ። እኛ ሰፈር ልጆች እፍረትን «ሼም» ነው የምንለው፤ ሼም ያዘኝ፣ ሼም ነው፤ ቀላል ነው፣ ይስቁበታል። ይሄ ሼም አልነበረም። ይሄ የድሮው፣ የአማርኛው፣ ፊትን የሚልጠው ነው። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እሷ ግን ወደ እማዬ ዞራ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ አስፈታሁዎት» አለቻት፤ ጉርዱን መኪናው ላይ ትታ መቼ እንደምትመለስ ሳትናገር ሄደች።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ መልሶ አንድ የሞተ ሰዓት ላይ አጎነበሰ። አፉ ሲያርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምንድን ነው የሚጠብቀው፣ ምንድን ነው የሚላላው?» አለችኝ እማዬ።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ቪዲዮውንም። ሰማችኝና «አንብቢልኝ» አለች። መኪናውን አቁማ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው። አነበብኩላት። ጮክ ብዬ፣ አጥብቄ። በራሴ ድምፅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ስጨርስ ቀና አለች።

«ጨው የጠየቀው አጎትሽ ነው?»

«አዎ፣ አጎቴ ነው።»

«እኔ እኮ አባትሽ መስሎኝ እሱን ተቀይሜ ነው የከረምኩት!» አለች። ሳቅኩ፣ እሷም ልትስቅ ብላ ተወችው። «እና አንቺ ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ፊታቸውን ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ ስለ እናቴ አዘነ። ለአባቴ ግን፣ ክንዱ ክንዴን እየነካ ለሚበላው አባቴ፣ «ቆይ፣ እማዬ አንድ ነገር አለች እኮ» አላልኩትም። እንጀራዬን ጠቅልዬ ጎረስኩ። ጎርሼም በልቤ ርዕስ አወጣሁለት። እማዬን የማይሰማት ቤቱ ብቻ ነው ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ እኔ ሰምቼ ነው ያስቀመጥኩት፣ ለጽሑፍ። ከማይሰማ ሰው የሚብሰው እሱ ነው።

እማዬ ስፒሎቿን አንስታ አፏ ውስጥ ደረደረች። እኛ ዘንድ ይህ ወሬው አለቀ ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ለግሩፑ ጻፍኩ። «እናቴ ትሰማለች። ቃሉ ጠብቆ ነበር የሚነበበው። ላልቶ ሲነበብ አውቄ ዝም ያልኩት ጭብጨባችሁን ስለወደድኩት ነው። ስለ ምልክት ቋንቋ ለጠየቃችሁኝ የመለስኩት ሁሉ ውሸት ነው።» ይኸው ነው፣ ቅጽል የለበትም። አንዱ «እንባዬን መልሽልኝ» አለ። ሌላዋ «አታላይ» ብላ ወጣች። ሹፌሩ ሹፌር ነውና «ፍሬንሽ ዘገየ እንጂ ይዟል» አለ። ባለድምፁ «ነጥብ ብታደርጊበት ምን ነበረበት?» አለ፤ እሱም አፍሯል መሰለኝ። እቴቴ አየችው፤ ማየቷ ይታያል። አንድም ቃል አልጻፈችም። ግሩፑንም አልለቀቀችም። የትኛው እንደሚያም መምረጥ አልችልም።

አድሚኑ ለብቻዬ መጣ። «ላልቶ ነው የሚያምረው» አለኝ። «እንዳለ እንተወው። ቃል ከወጣ በኋላ የአንባቢው ነው።»

ለአንድ አፍታ ልስማማ ነበር። እውነቴን ነው የምናገረው። ላልቶ እንደሚያምር እኔም አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ መጀመሪያ ያወቅኩት።

«ቃሉ የአንባቢው ይሁን፤ እናትየዋ ግን የእኔ ናት» አልኩት።

«ማተሚያ ቤት ገብቷል እኮ። አሁን ነጥብ አይጨመርም።»

«እንግዲያው ከመሰራጨቱ በፊት ቅጂዎቹን ለእኔ ስጠኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

እሑድ ደረሰ፣ ምሳ ቀረበ፣ አጎቴም አልቀረም። ወሬው ስለ ቤት ኪራይ ነበር። «እማዬ የማታ መማር ትፈልጋለች» አልኩ፣ መሃል ገብቼ። አባቴ «ማን አለ?» አለ። «እሷ። አጎቴ ጨው የጠየቀ ቀን።» አጎቴ እጁን ከሳህኑ አነሳ። እማዬ «አሁን ይሄን ምን አመጣው» ብላ ተነሳች፣ ወደ ጓዳ ሄደች፣ ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። አባቴ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። እሷም መለሰችለት። የመለሰችለትን አልጽፈውም። እስካሁን አልተመዘገበችም፤ ምዝገባው መስከረም ነው ትላለች፣ እናያለን።

ካፌው ላይ አነበብኩ። ፕሮግራም መሪው ወሬው ያልደረሰው ስለነበር «መስማት የተሳናት እናቷን አስመልክቶ» ብሎ አስተዋወቀኝ። ማይኩን ይዤ «ትሰማለች፤ ያልመጣችው ሱሪ በዝቶባት ነው» አልኩ። ከፊት የተቀመጡት ተያዩ። አጥብቄ አነበብኩት። ጭብጨባው ላላ። እቴቴን በየወንበሩ ፈለግኳት፤ አልነበረችም።

ቅጂዎቹን በካርቶን ወደ ደረጃው ስር አመጣኋቸው። ቃሉ ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ቦታ አለ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሰ አናት ላይ ነጥብ፣ ማ አናት ላይ ነጥብ፤ ገልብጬ ሌላው። እጄ ይቸኩላል፤ ነጥቡ አንዳንዴ ጎን ይሄዳል፣ አንዳንዴ ትል ያክላል። እማዬ ትንሽ አየችኝና ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ «አምጪ፣ አንቺ ወረቀቱን እያቆሰልሽው ነው» አለች። የመርፌ ቀዳዳ የለመደ እጅ ነው፤ የእሷ ነጥቦች ልክ ቦታቸው ላይ ጠብ ይላሉ። በየመሃሉ ለራሷ ታነባለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሰ ጠበቅ፣ ማ ጠበቅ። ሰዓት ሠሪው «እኔንም እዚህ ውስጥ አስገብታኛለች አሉ» አለ። «አፍህን ብቻ» አለችው።

የእቴቴ ጉርድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ዚፑን እማዬ በእጥፍ ክር ነው የሰፋችው፣ ተኩሳዋለችም። በየቀኑ «ጓደኛሽ አልመጣችም?» ትለኛለች። እኔም ልጽፍላት ስልኬን አነሳለሁ፤ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፤ ማጥፋቱን እንደሁ ለምጄዋለሁ።

ጉርዱን ከረጢት ውስጥ ከተትኩት፣ ነጥብ ያለበት አንድ ቅጂም ጨመርኩ። ከላዩ እንደ ደንቡ ወረቀት በስፒል አያያዝኩ። ወረቀቱ ላይ የባለቤቱንና የሥራውን ዓይነት መጻፍ አለብኝ። «የእቴቴ ጉርድ። ዚፕ ተቀይሯል፤ ጠብቆ» ብዬ ጻፍኩ።

ላልቶ ሲነበብ ዚፑ በደንብ ይዟል ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ጉርዱ እዚህ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። እማዬ እስክሪብቶውን ይዛ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ስትል እጇን ያዝኩት።

«እዚህች ላይስ?» አለች።

«እዚህች ላይ ተይው» አልኳት። «እሷ መጥታ ታንብበው።»